የመቅደስን ሰዓት የቆጠርኩበት ሰሞን

ጡረታ በወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ተነሥቶ፣ "ወይዘሮ አስካለ ያለ ምንም ሰርተፍኬት ይህን ያህል ዘመን ፕሮጀክት መምራታቸው የሚደነቅ ነው" አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ጋቢውን አውልቄ፣ አጣጥፌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ "ሞቀሽ እንዴ?" አለችኝ። አልሞቀኝም። ተናድጄ ነው።

ሰርተፍኬት የሚለው ቃል የቆየ ቁስል ይነካብኛል። በሥራ ዘመኔ ከአለቃ ጋር ተጣልቻለሁ፣ ከመሐንዲስ ጋር ተዘላልፌያለሁ። በሰው ሀብትና በሰው ባል ግን ቀንቼ አላውቅም። የቀናሁት በአንዲት ልጅ ሰዓት ነው። በሰዓት እንዴት ይቀናል ለሚለኝ ሰው ይህን ጻፍኩ። የልጅ ልጆቼም ያንብቡት። አያታቸው ደግ ብቻ እንዳልነበረች ይወቁ።

ሥራ የጀመርኩት ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት በገባ ሰሞን ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ አግብቼ፣ ሁለት ልጆች ወልጄ ነበር። አባቴ ከወሎ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ሀዋሳ የቀረ ሰው ነው። እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ ሲዳምኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተጣላሁ የተማርኩ ነኝ። ለገጠር ቀበሌዎች ውሃ የሚያወጣ አንድ የእርዳታ ድርጅት መሃል ከተማ ቢሮ ከፍቶ ነበርና የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ አድርጎ ቀጠረኝ። ቧንቧ፣ ሲሚንቶና መፍቻ እየቆጠርኩ ሦስት ዓመት ኖርኩ። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ ሲዘገይ እንጂ ሲበዛ አላየሁትም።

ከግምጃ ቤት ያወጡኝ ጋሽ ዳንጊሶ ናቸው። የመስክ ሥራ ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ጸሎት ሳያደርጉ መኪና የማይሳፈሩ ሰው። መሐንዲስ አይደሉም፤ መሐንዲሶቹ ግን እሳቸው ሳይመጡ ቁፋሮ አይጀምሩም ነበር። ሴቶችን የሚያነጋግር፣ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ አንድ ቀን ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ "ይህን ብረት የሚቆጥር ሌላ ሰው አይጠፋም። አንቺ ነይ" አሉኝ።

የጋሽ ዳንጊሶ አሠራር ሌላ ነበር። ቀበሌ ውስጥ በመኪና አይገቡም። መኪናውን ከመንደሩ ውጭ አስቁመው በእግር ይገባሉ። "በመኪና የገባ ሰው የሚያየው የሚያጨበጭብለትን ብቻ ነው" ይላሉ። እንደደረሱም ውሃው የት እንዳለ አይጠይቁም። መጀመሪያ የሚጠይቁት፣ "እዚህ አገር ማን ከማን ጋር ተኳርፏል?" ብለው ነው። ስብሰባ ላይ ከኋላ ይቀመጡና ደብተራቸውን ይገልጣሉ። በግራው ገጽ የተናገረውን ሰው ስም፣ በቀኙ ገጽ ዝም ያለውን ሰው ስም ይጽፋሉ። ስብሰባው ሲያልቅ በቀኙ ገጽ ያሉትን በየቤታቸው እየዞሩ ያነጋግራሉ። በዚያው ቀን ግን ማንንም አያስፈርሙም።

በመጀመሪያው መስክ ትዕግሥት አጣሁና ተከራከርኳቸው።

"ጋሽ ዳንጊሶ፣ ሁሉም እሺ ብለዋል እኮ። ለምን አናስፈርምም?"

"ሁሉም ማለት ማን ነው?"

"የመጡት ናቸዋ።"

"ያልመጡት ውሃ አይጠጡም?"

"ይጠጣሉ።"

"እንግዲያው ነገ እንመለሳለን። ያላደረ ቃል አይፈረምም።"

በሲዳማ ሽማግሌዎች ዘንድ ነገር ከመቆረጡ በፊት "አፊኒ?" ይባላል። ሰማችሁ ወይ እንደማለት ነው። ነገሩ ወደ ሁሉም ጆሮ ደርሶ፣ ሁሉም የልቡን ተናግሮ እስኪያልቅ ውሳኔ የለም። እኔ ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ ሰላምታ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ዳንጊሶ ግን፣ "ጥያቄው ፊት ለፊትሽ ለተቀመጠው ብቻ አይደለም። ቤቱ ለቀረውም ነው" ይሉኝ ነበር። ከእሳቸው ጋር ዘጠኝ ዓመት ስዞር፣ የሠራነው ቦኖ ሁሉ ውሃ ሲቀዳበት አይቻለሁ። በዚህ እኮራለሁ።

እሳቸው ታመው ሥራ ሲያቆሙ ቦታቸው ለእኔ ተሰጠ። አስተባባሪ ተባልኩ። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች መስክ ይዤ እወጣ ነበር። በዚህም ኮራሁ፤ ምናልባት ያጠፋኝ ይኸው ይሆናል።

አሁን ስለ ጥፋቴ ልጻፍ። ቀበሌው ከሀዋሳ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ነው። ስሙን እተወዋለሁ። ከተራራው ሥር ምንጭ አጎልብተን፣ ቧንቧ ዘርግተን፣ መንደሩ መሀል ቦኖ ልንተክል ነው። ገንዘብ የሚሰጡት ፈረንጆች ሊጎበኙ ነው ተባለና ሥራ አስኪያጃችን አቶ ግርማ፣ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ በዚያው ሳምንት ጨርሼ እንዳስረክብ ጠየቁኝ። ስብሰባ ጠራሁ። ሽማግሌዎቹ መጡ። "አፊኒ?" አልኩ፤ "ሰምተናል" አሉኝ፤ በዚያው ስብሰባ ላይ አስፈረምኳቸው። ቧንቧው የሚያልፈው እማማ ወርቄ በሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት እንሰት መሀል ነበር። እሳቸው አልመጡም፤ የሟች ባላቸው ወንድም ስለ እሳቸው ሆኖ አሻራውን አኖረ። እኔም ተቀበልኩ። ቤታቸው ከተሰበሰብንበት ዛፍ ይታየኝ ነበር። አልሄድኩም።

ቧንቧው ሲቀበር ባላቸው የተከሉት እንሰት ተቆረጠ። እማማ ወርቄ አልጮኹም፣ አልከሰሱም። በራቸው ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ቦኖው አለቀ፤ ውሃው መጣ፤ ማንም አልቀዳም። ጎረቤቶቻቸው፣ ሴትዮዋ ሳይታረቁ በእንሰታቸው ላይ ያለፈ ውሃ አንጠጣም አሉ። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን በአዲሱ ቦኖ አጠገብ ይዘው እያለፉ፣ እንደ ድሮው ወንዝ ይወርዳሉ። ክረምቱ ገባ፤ ወንዙ ደፈረሰ፤ ልጆች በተቅማጥ ታመሙ። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ለፈረንጆቹ በሚላከው ሪፖርት ላይ "ሥራው ተጠናቆ ኅብረተሰቡ እየተገለገለበት ነው" ብዬ ፈረምኩ። ሲብስብኝ ያ ቀበሌ ባለበት መንገድ ማለፍ ተውኩ።

በዚህ መሀል መቅደስ ተቀጠረች።

መቅደስ አዲስ አበባ ያደገች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት የሲቪል መሐንዲስ ናት። እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል። አቶ ግርማ አንድ ነገር ሲቸግራቸው ድሮ "አስካለን ጥሩልኝ" ይሉ የነበሩት፣ "መቅደስ አለች?" ማለት ጀመሩ። ሾፌሩ ለእሷ የፊት ወንበሩን ይጠርግላታል። ለእኔ ጠርጎልኝ አያውቅም። ይህ ተራ ነገር ነው፤ ግን ቅናት የሚበላው ተራ ነገር ነው።

በገባች በጥቂት ወሩ ቦኖውን እንድታይ ተላከች። ምን እንዳደረገች ያኔ አልጠየቅሁም፤ መስማት አልፈለግሁም። ብቻ በዚያው ዓመት በልጉ ሲገባ የቀበሌው ሴቶች ከቦኖው መቅዳት ጀመሩ። ሥራው በቢሮው መዝገብ "ጥገና" ተብሎ ገባ። እኔም "ጥገና ነው" ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው መቅደስ ፈተና ልትወስድ መሆኑን የነገረችን። ከውጭ አገር የሚሰጥ የፕሮጀክት አመራር ፈተና ነው፤ አዲስ አበባ ሄደው በኮምፒውተር ይፈተኑታል። ያለፈ ሰው በየትም አገር ፕሮጀክት መሪ ተብሎ ይታወቃል አሉ። ለፈተናው ለመቀመጥ ግን መጀመሪያ በኢንተርኔት ማመልከት አለ። ማመልከቻው ላይ ፕሮጀክት የመራሽበትን ሰዓት በሺዎች ቆጥረሽ፣ በየትኛው ሥራ ስንት ሰዓት እንደዋልሽ ታሰፍሪያለሽ። የሚመሰክርልሽን ሰው ስም ትሰጫለሽ።

በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ሲባል የራሴን ማሰብ ጀመርኩ። የእኔ ስንት ይሆን?

መቅደስ በምሳ ሰዓት ጥያቄ የተጻፈባቸው ትናንሽ ካርዶች እያወጣች ታጠና ነበር። ለብቻዋ ስታነብ ስለሚያንቀላፋት ወደ አማርኛ እያዞረች እኔን መጠየቅ ያዘች።

"እትዬ አስካለ፣ ፕሮጀክቱን የሚመሩት እርስዎ ነዎት እንበል። ጉዳዩ የሚመለከተው አንድ ሰው ስብሰባ ላይ ዝም አለ። ሀ፣ ለአለቃዎ ያሳውቃሉ። ለ፣ ደብዳቤ ይጽፉለታል። ሐ፣ ለብቻው ያነጋግሩታል። መ፣ ሥራዎን ይቀጥላሉ።"

"ቤቱ እሄዳለሁ።"

"ቤቱ የሚል የለም።"

"ሐ ነዋ። ለብቻው የሚገኘው ቤቱ አይደል?"

ካርዱን ገለበጠችው። "ሐ ነው። መጽሐፉን በድብቅ ያነበቡት ይመስላል።"

"አላነበብኩትም። በእግሬ ነው የሄድኩበት።"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ አይደለም። ጋሽ ዳንጊሶ በሁለት ገጽ ደብተር የሠሩበትን ነገር እነዚህ ሰዎች ስም አውጥተውለት፣ በመጽሐፍ አስረው፣ ወረቀት ይሰጡበታል። ወረቀቱን የምትወስደው እሷ ናት።

ሌላ ቀን አንድ ካርድ አወጣችና፣ "ሥራው በሰነዱ መሠረት አልቋል። ተጠቃሚው ግን አልተቀበለውም። ፕሮጀክቱ ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም?" አለችኝ።

"የርክክብ ወረቀቱ ከተፈረመ ተዘግቷል" አልኩ።

መቅደስ ካርዱን ሳትገለብጠው ከሌሎቹ ሥር አስገባችው። "ይሄኛው ጥያቄ ግልጽ አይደለም" አለች።

በጣም ግልጽ ነበር። ምሳዬን ከድኜ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት መሃል ከተማ ወደ አንድ የኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቱን፣ "ይህን ፈተና ማመልከት እፈልጋለሁ" ብዬ ከመቅደስ ጠረጴዛ ላይ የገለበጥኩትን አድራሻ ሰጠሁት። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ጠበቅሁ። ቅጹ ሲከፈት ስሜን ነገርኩት፤ የሥራ ዘመኔን ነገርኩት። ሰውየው እየጻፈ፣ "ብዙ ሠርተዋል እትዬ" አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ የትምህርት ደረጃ ጠየቀኝ።

"ስምንተኛ።"

"ስምንተኛ የሚል የለውም።"

"ወደ ታች ጎትተው።"

"ጎትቼዋለሁ። ከአሥራ ሁለተኛ በታች የለውም።"

"ሌላ የሚል አይኖርም?"

"የለም እትዬ። አሥራ ሁለተኛ ብዬ ልሙላልዎት? እዚህ ማን ያያል?"

"እኔ አያለሁ" ብዬ ተነሣሁ። በባጃጅ አዲስ ከተማ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ስሄድ፣ እውነቱን ልናገርና፣ መቅደስ እንድትወድቅ ለመንኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ በደንብ ነው የለመንኩት።

አንድ ወር አልሞላም፣ መቅደስ ወደ ክፍሌ ገብታ በሩን ዘጋች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ከሚያመለክቱት ውስጥ የተወሰኑትን በዕጣ መርጠው ያጣራሉ። ዕጣው እኔ ላይ ወጣ።"

"ምን ጎደለሽ?"

"የቦኖው ሥራ ሰዓት። ቢሮው ጥገና ብሎ ነው የመዘገበው፤ ጥገና ደግሞ ፕሮጀክት ተብሎ አይቆጠርም። እሱ ከወጣ ሰዓቴ አይሞላም። በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ሥራውን የሚያውቅ ኃላፊ የፈረመበት ማስረጃ መላክ አለብኝ። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።"

"ማን ጥገና በይው አለሽ?"

መሬት መሬት አየች። "እርስዎ ተጠናቋል ብለው ጽፈው ነበር። ያለቀ ነገር ይጠገናል እንጂ እንደ አዲስ አይሠራም። እንደ አዲስ ሠራሁት ብል..." አልጨረሰችውም።

ያኔ ገባኝ። ይህች ልጅ የእኔን ውሸት ለመሸፈን የራሷን ሥራ አሳንሳ ጽፋለች፤ ዓመታት ሙሉም አንድ ቀን አላነሣችብኝም። አመስጋኝ ሰው ብሆን እዚያው እጇን እስም ነበር። እኔ ግን በደግነቷ ጭምር ቀናሁ። መሐንዲስነቱ አልበቃ ብሏት ደግነቱንም ወሰደችው።

"በወረቀት የዚያ ሥራ አስተባባሪ እኔ ነኝ" አልኳት። "ለሰው የማካፍለው ሰዓት የለኝም።"

"እሺ እትዬ" ብላ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ሳምንት አለፈ። አቶ ግርማ እኔን ትተው ይፈርሙላት ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ ሰዓቷን ራሴ ልቁጠርና ማጋነኗን ላሳይ ብዬ ተነሣሁ። እንግዲህ እኔ ፍርድ የሚጓደልበት ነገር አልወድም፤ በገበያም በዕድርም ይህን የማያውቅብኝ የለም። ያን ሰሞን ግን ያን ስሜን ለብሼ የወጣሁት ሰው ለመጣል ነው። የማመልከቻዋን ቅጂ ከአቶ ግርማ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁ። የመኪናውን የጉዞ መዝገብ ከሾፌሩ ተቀብዬ ከቅጂው ጋር ገጽ በገጽ አስተያየሁት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ሐሙስ። ከጻፈችው ጋር አንድ ሰዓት አልተዛነፈም። ተናደድኩ። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ቀበሌው ሄድኩ።

እማማ ወርቄ በራቸው ላይ ነበሩ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ከሩቅ ለየኝ። በሲዳምኛ ሰላም አልኳቸው። ተቀመጪም አላሉኝ፤ እኔው ተቀመጥኩ።

"ያቺ መሐንዲስ ልጅ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣ ነበር አይደል?" አልኳቸው።

"ሐሙስ ምንድን ነው? በየገበያው ነበር የምትመጣው።"

እዚያ አገር ገበያ በሳምንት አይደለም፤ በአራት በአራት ቀን ነው የሚውለው። "በመኪናው ነው?" አልኩ።

"መኪናው ሲመጣ በመኪናው ትመጣለች። ሌላውን በሚኒባስ፣ ከሰዓት በኋላ። ከጥቅምት ጀምሮ የበልጉ ዝናብ እስኪገባ አንድ ገበያ አላጎደለችም።"

"መጥታ ምን ትሠራ ነበር?"

"ትቀመጣለች። ከምራቴ ጋር እንሰት ትፍቃለች። ምኑን ፋቀችው፣ ያበላሸችብኝን እኔ ነኝ የማውቀው። አራት ገበያ ስለ ውሃው አንድ ቃል አልተናገረችም። በአምስተኛው እኔው ሰለቸኝና፣ 'ምን ፈልገሽ ነው የምትመላለሺው?' አልኳት። ምራቴ አስተረጎመችላት። 'ለምን እንዳዘኑ ልሰማ ነው' አለችኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ነገርኳት። ቧንቧው ከእንሰቴ ይውጣ አልኩ፤ በዳር አዙራ አስቆፈረችው። ሳትጠይቁኝ እንደገባችሁ ሰው ፊት ይነገርልኝ አልኩ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆማ፣ 'ሳንጠይቅዎ እንሰትዎን የቆረጥነው እኛ ነን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው' አለች።" እማማ ወርቄ ወደ እኔ ዞሩ። "እንሰቴ ሲቆረጥ ያቺ ልጅ እዚህ አልነበረችም። አላውቃትም ነበር። የማውቀው አንቺን ነው።"

"አዎ እማማ።"

"አንቺ የት ነበርሽ?"

ከተቀመጥኩበት የተሰበሰብንበት ዛፍ ይታያል። ከዛፉ እስከ በራቸው ስንት እርምጃ ነው? ሰው ለመጥራት እንኳ የማያስጮህ ርቀት ነው። "እዚያ ነበርኩ" አልኩ። "ቤትዎን እያየሁ ሳልመጣ ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ሰምቻለሁ" አሉኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። እኔም አልጠየቅኋቸው።

በሚኒባሱ ውስጥ ገበያውን በጣቴ ቆጠርኩ። ከጥቅምት እስከ በልግ በአራት ቀን አንዴ፤ ሐሙሶቹን ሳወጣ፣ መቅደስ ካመለከተችው ላይ ብዙ ከሰዓት በኋላዎች ይተርፋሉ። ልቀንስባት ሄጄ ጨምሬላት ተመለስኩ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ቀን የተሸነፍኩበት ቀን የለም።

ቢሮ ስደርስ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛዋ ሄድኩ።

"የራስሽን ሰዓት መቁጠር አትችዪም እንዴ? በሚኒባስ የሄድሽባቸውን ቀናት ለምን አልጻፍሻቸውም?"

ደነገጠች። "እነዚያ ሥራ አይደሉም እኮ እትዬ። እንዲሁ ሰው ለመጠየቅ ነው የሄድኩት።"

"ሥራው እሱ ነው። ቧንቧውንማ ማንም ይቀብረዋል። ጻፊያቸው።"

ከዚያ በራሴ እጅ፣ በአማርኛ፣ ደብዳቤ ጻፍኩ። የቦኖው ሥራ ተጠናቋል ብዬ የፈረምኩት ሐሰት እንደነበር፣ ባለይዞታዋን ሳልጠይቅ ማስጀመሬን፣ ቦኖው አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ማንም ሳይቀዳበት መቆየቱን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ከጥናቱ እስከ ርክክቡ የመራችው መሐንዲስ መቅደስ መሆኗን፣ የዋለችባቸውንም ቀናት አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ከዚያ በፊት ያለው ሰዓት የእኔ መሆኑንም ጻፍኩ። እሱን ለማንም አልሰጥም።

አቶ ግርማ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ወይዘሮ አስካለ፣ ይህን ማኅተም ካደረግሁበት ፋይልዎ ውስጥ ይገባል። ለረጂዎቹም ማሳወቅ አለብኝ።"

"ያሳውቁ።"

"ሌላ መንገድ አለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለታችሁ አብራችሁ መርታችሁታል ብለን እንጻፍ። እሷ ሰዓቷ ይሞላል፤ እርስዎም አይነኩም። ማን ይጎዳል?"

"ከመጀመሪያው? ያኔ እሷ ተማሪ ነበረች።"

"ማን ያውቃል?"

"አቶ ግርማ፣ ያ ሰዓት ክፉም ቢሆን የእኔ ነው። ያጠፋሁበት እኔ ነኝ። ለእሷ የማካፍልበት ምክንያት የለም። የእሷን ደግሞ አልወስድም። ማኅተሙን ያድርጉልኝ።"

አደረጉልኝ። ደብዳቤውን መቅደስ ራሷ ተርጉማ፣ ከዋናው ጋር ላከችው። ስትተረጉም "ሐሰት" የሚለውን ቃል "ስህተት" አድርጋው አገኘሁ፤ መልሳ እንድታስተካክለው አስገደድኳት። ማጣራቱን አለፈች። ለፈተናው አዲስ አበባ ሄደች። ያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም፤ ሐይቁ ዳር ሄጄ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። እንድታልፍ ልለምን ብዬ አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። እንድትወድቅም አልለመንኩም። የቻልኩት ይህን ነበር።

አለፈች።

የሰርተፍኬቷ ቅጂ ወደ መዝገብ ቤት የገባው ለእኔ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ በገባበት ቀን ነው። በገቢ መዝገቡ ላይ የእሷ ወረቀት ከላይ፣ የእኔ ከታች በተከታታይ ቁጥር ሰፍረዋል። አስተባባሪነቱ ለሁለት ዓመት ተነሣብኝ፤ ለእሷም ተሰጠ። ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ግን አላስደሰተኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ "አለቃዬ" እያልኩ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ከእሷ ጋር መስክ ወጣሁ። የፊት ወንበሩን ለእኔ ልትለቅልኝ ሞከረች። እምቢ አልኩ፤ ወንበሩ የአስተባባሪ ነው።

ከዚያ አዲስ አበባ ትልቅ ቦታ አገኘችና ለቀቀች። የመጨረሻ ቀኗ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ክፍሌ በር ላይ ቆመች።

"እትዬ አስካለ፣ ተቀይመውኛል አይደል?"

"አዎ።"

"እስከ መቼ ነው?"

"ሰዓቱን ቆጥሬ አሳውቅሻለሁ" አልኳት።

ሳቀች፤ ካርቶኑን አስቀምጣ አቀፈችኝ። በየበዓሉ ትደውልልኛለች። ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለች፤ ስለ ሥራዋ እጠይቃታለሁ። ስትነግረኝ አሁንም ቅናቱ ይመጣብኛል። ቆጥሬ አልጨረስኩም።